በድርቁ ዓመት የተጠመቀው

ዳገቱ ላይ ወይን የምታለማው ሴትዮ የምትለብሰው የወንድ ካፖርት ነው። እጅጌው ሁለቴ ታጥፎም ጣቶቿ ላይ ይወርዳል። የወይኑን ቅጠል የምታሳሳው የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ጎን ብቻ ነው፤ የከሰዓቱን ጎን አትነካም። "የጠዋቷ ታበስላለች፣ የከሰዓቷ ትጠብሳለች" ትላለች።

በተክሎቹ መሃል የበቀለውን ሣርም አትነቅልም። ጎረቤቶቿ ሰነፍ ናት ብለው ያሟታል። እሷ ግን፣ "መሬት እንደ እህል ፀሐይ ላይ አይሰጣም" ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ይህን የተማረችው በድርቁ ዓመት ነው። ያኔ እንደ ሰው ሁሉ ሣሩን አርማ አጽድታ ነበር፤ ዝናቡ ሲቀር አፈሩ ተሰነጣጠቀና ግማሹ ተክል ደረቀ። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የቀረውም ያኔ ነው ይባላል። ከሞት በተረፉት ተክሎች ላይ ግን ትንንሽ፣ ማር የመሰለ ፍሬ ወጣ።

ትናንት የዚያ ዓመት የወይን ጠጅ በርሜል ተከፈተ። አንድ እንግዳ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"እንዴት ያለ ዓመት ቢሆን ነው?" አላት።

ብርጭቆዋን ሳትቀምስ በርሜሉ ላይ አስቀመጠች። የወረደውን እጅጌ መልሳ አጠፈች።

"ለወይኑስ ደግ ዓመት ነበር" አለችው።