መቀስና የአክስቷ ሰላምታ

የሥራ ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል፤ ሥራዋ ማሳጠር ነዋ። የሰፈሩ ሰው ማስታወቂያውን በሰፈሩ የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ይጽፋል፣ ዳታቤዙ ሙሉውን ይይዛል። ፊተኛው ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ጥቂት መስመር ብቻ እንዲታይ የሚቆርጠውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት። የቀረውን ማንበብ የፈለገ «ቀጥል» የሚለውን ይጫናል። አንድም ሰው ቅሬታ አቅርቦባት አያውቅም ነበር፤ አክስቷ ድረ ገጹን እስኪያገኙት ድረስ።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስፌት ሊያስተምሩ አልጋቸውን ከፊተኛው ክፍል አስወጥተው የስፌት መኪና ደረደሩበት። እስከ ቅዳሜ ተማሪ ካልመጣ ግን ክፍሉን ለጎረቤታቸው ለፀጉር አስተካካዩ ሊለቁለት ነው። ይህን ሲነግሯት ፊታቸውን አዞሩ፤ አንጀቷን በሉት። ማስታወቂያውን ራሳቸው ጻፉ፤ ቀይ፣ ደማቅ፣ ከሥሩ የተሰመረ። ያልሞከሩት ጌጥ የለም።

በማግስቱ ስልኳ ፋታ አጣ። ከአክስቷ ማስታወቂያ የታየው «ጤና ይስጥልኝ፤ እንደ» ብቻ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው የሰው ማስታወቂያ ሁሉ ደም መስሏል። ፀጉር አስተካካዩም የራሱ ማስታወቂያ ቀልቶበት «እኔ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደወለ።

ጥፋቱ የእሷው ነበር። ቀለሙ ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው በጽሑፉ መሀል በተሰገሰጉ፣ አንባቢ በማያያቸው ምልክቶች ነው። ፕሮግራሟ እነሱንም እንደ ፊደል ቆጥሮ፣ «ቀዩ እዚህ ያብቃ» የሚለው ምልክት ጋ ሳይደርስ ቆረጠ። ከልካይ ያጣው ቀለም ወደ ታች ፈሰሰ። ቁጭ ብላ ምልክቶቹን አስቀድሞ እንዲያራግፍ፣ ቃልም ከመሀል እንዳይቆርጥ አድርጋ አስተካከለችው።

አሁን የታየው «ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆች ደህና ናቸው? ጉልበታችሁንስ ተሻላችሁ?...» የሚል ነው። ስለ ስፌት ትንፍሽ የለም።

«አክስቴ፣ ሰላምታውን ትንሽ እንቀንሰው።»

«ሰላም ሳልል ዘልዬ ጉዳዬን ልዘርግፍ? ምን ነካሽ ልጄ?»

«ታዲያ እንዲህ ሆኖ ማን ያነበዋል?»

«ሰላም ያልኩት ሰው ይመልስልኛላ።»

ክርክሩ እንደማያዋጣት አውቃ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪኖቹን ለማውጣት ልታግዝ ስትመጣ፣ ክፍሉ ጢም ብሎ አገኘችው። ከሴቶቹ መሀል የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ሽበታሙ ሰውዬ፣ ከክርና ከመርፌ ጋር ይታገላሉ።

«እርስዎን ደግሞ ከስፌት ጋር ምን አገናኝዎት?» አለቻቸው።

«ሰው ቤት ወለል ላይ ስንበረከክ ነው የኖርኩት። ጉልበትህ እንዴት ነው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። አልተሻለኝም ብዬ ልመልስላቸው ‹ቀጥል›ን ተጫንኩ።»

አክስቷ ወንበር ሳቡላቸው።

«አይዞዎት፣» አሉ፣ «ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ነው የሚረገጠው።»