ከሰው በፊት ውሃ

ስብሰባ ላይ በተናገርኩት ነገር ይዘው እስር ቤት ሲያስገቡኝ፣ ክፍሉ ማሽላ ማሽላ ሸተተኝ። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ይወርዳል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን ቤት የቀረችው ልጄ ነበረች። ከጡቷ እጢ ወጥቶላት፣ አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል። የማውቃት ሴት በጨረር ቆዳዋ ተቃጥሎ ስላየሁ፣ «እኔ ሳልኖር እንዳትሄጂ» ብያት ነበር። ቀኑ ደርሷል፤ እኔ ታስሬያለሁ።

አብራን የታሰረች አንዲት የቆቦ ልጅ ነበረች፤ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ነው የተያዘችው። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ የጨረር መጠን መለካት ነው። ጭንቀቴን ስነግራት የመታጠቢያውን ሳፋ ሳበች፤ ማንኪያ ይዛ ወደ ውሃው ቀስ እያለች አወረደች።

«መጀመሪያ ጨረሩን የምንለቀው በውሃ ላይ ነው፣ እትዬ። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነዋ። መለኪያውን እንዲህ እያወረድን በየጥልቀቱ ስንት እንደደረሰ እናያለን። ከበዛ ይጎዳል፤ ካነሰ በሽታውን ይተዋል። ልክ መሆኑን ሳናይ ሰው አናስገባም።»

ከጎኔ የምትተኛው ሙስሊሟ የዋጃ ነጋዴ ከምንጣፏ ቀና አለች።

«ውሃውም እንደኛ ያለ ጥፋቱ ነው የሚገባው በይኛ!»

በሳቅ ወደቅን። ከገባሁ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው። ቆዳ መጥቆሩ ይቀራል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሊጠቁር ይችላል፣ ግን ይድናል አለችኝ። ስላልዋሸችኝ አመንኳት። ኦሪትም ላይ ከብርሃን በፊት ውሃ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ልቤ አረፈ።

በማግስቱ ልጄ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ከሽቦው አጥር ማዶ ቆማ፣ እስክትፈቺ እጠብቃለሁ አለችኝ።

«አትጠብቂኝ። ነገ ሂጂ። ለክተው ነው የሚሰጡሽ።»

«እማማ፣ ስለ ምግብ ብቻ ነው የተፈቀደው» አለ ጠባቂው።

«ልጄን ልመርቅ፣ የኔ ልጅ» አልኩት። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እጄን በሽቦው ላይ ዘርግቼ፣ ድምፄን ሳልቀንስ መረቅኋት። ጠባቂው ኮፍያውን አወለቀ። «አሜን» ሲል ሰማሁት። ከውስጥ የዋጃዋ ሴት እልልታዋን አቀለጠችው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ሕክምናዋን ጨርሳ ተመለሰች፤ እኔም ወጣሁ። ባለፈው ከጎብዬ ገበያ ስንመለስ፣ ቀድማኝ እየሄደች «ፍጠኚ እንጂ፣ እማ» ብላ ተቆጣችኝ። ከኋላዋ ማየቱ ደስ አለኝና፣ ጭራሽ ቀስ አልኩ።