አጎቴ የተወው ሽብልቅ

የአባቴን ታናሽ ወንድም ፊት ለፊት ሳገኘው «እርስዎ» እለዋለሁ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። ወረቀቱ ግን የራሴ ስለሆነ፣ እዚህ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ።

አባቴ የሞተው እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገና ሳይኖራት፣ ባጃጅ ወደ እኛ መንደር መግባት በጀመረ ሰሞን ነው። ጓሯችን አንድ ትልቅ ወይራ ነበር። ሰዉ ሁሉ ማሳውን ለከሰል በሚሆን ግራር ሲሞላ፣ አባቴ ያንን ወይራ ለማንም አላስነካም። ሲሞት የሚከለክል ጠፋ።

ሳልስቱ እንኳ ሳያልፍ አጎቴ መጋዝ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣ። «ለተዝካሩ እንጨት ያስፈልጋል» ብሎ ወይራውን ጣለው። ቀጥ ቀጥ ያለውን ግንድ «ለቤቴ ምሰሶ ይሆነኛል» ብሎ አስጫነ። ከሥሩ በኩል ያለውን፣ እቅፍ የማይበቃውን፣ ጉጥ በጉጥ የሆነውን ጉማጅ ሁሉ ለእኛ ተወልን። ለሟች ወንድሙ ያዘነው በዚህ ልክ ነው።

አንዱን ጉማጅ ግን ፈልጦ ሊያሳየን ፈለገ። የብረት ሽብልቁን መሀሉ ላይ ተክሎ በመዶሻ አናት አናቱን ደበደበው። ወይራው ሽብልቁን ነክሶ ያዘው፤ አይገባም፣ አይወጣም። አጎቴ ላቡን ጠረገ።

«ተዉት፤ ሲደርቅ ይቀለኛል። ያኔ መጥቼ እፈልጥላችኋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። «ይሄ ግቢ ወንድ ይፈልጋል። እንጨት የሚፈልጥ የሌለበት ቤት፣ ቤት አይባልም። በተዝካሩ ዕለት ሽማግሌዎቹ ባሉበት እንነጋገራለን። ልጄ መጥቶ ይቀመጥበታል።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። አንገቷን ያስደፋበትን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

በእኛ አገር መፍለጥ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ጭራሮ ትለቅማለች፣ ፍልጥ ትሸከማለች፤ ፋስ ካነሳች ግን ወንድ የሌላት ምስኪን ናት ማለት ነው፤ ወሬውም ቀድሟት ገበያ ይደርሳል። አጎቴ የተማመነው በዚህ ነበር። እኛ ሁለት ሴቶች አፍረን ልንለምነው፣ እሱ እንጨቱን ፈልጦ ግቢውን ሊወስድ። እስኪ ይጠብቅ አልኩ።

አባቴ ሲፈልጥ ፍልጡን የምደረድረው እኔ ነበርኩ። ወይራ ፊት ሲቆም የማውራት ልማድ ነበረው፤ የሚያወራው ለእኔ ይሁን ለእንጨቱ አይታወቅም። «ወይራ በእርጥቡ ነው፤ ከደረቀ ብረት ነው» ይል ነበር። «ልቡን አትንካው፣ ከዳር ከዳር ላጠው» ይል ነበር። አጎቴ የዚያው ቤት ልጅ ሆኖ ይህን አለመስማቱ ይገርመኛል።

በማግስቱ የአባቴን ፋስ ከቆጥ አወረድኩ።

«ሰው ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«ያለውንማ አለ» አልኳት።

መጀመሪያ ላይ ፋሱ እየነጠረ እግሬን ሊበላኝ ነበር። መዳፌ ተላጠ፤ ቅቤ ቀብቼ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ከአጥሩ ባሻገር የሚያልፉ ሴቶች ቆም እያሉ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። እኔ ከዳር ከዳር እላጣለሁ። ጉጥ ሲገጥመኝ እሱን ትቼ በሌላ በኩል እዞራለሁ። አንዱ ጉማጅ አልቆ ሌላው ሲተካ፣ በእያንዳንዱ ምት የማስበው አንድ ፊት ነበር። ያን ብርታት ከየት አመጣሽው የሚሉኝ አሉ። ከቂም ነው። ቂም እንደ ገብስ ቆሎ ነው፤ ሳይበላሽ ሩቅ ያደርሳል።

ፍልጡን ነፋስ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ደረደርኩት። ሽብልቅ የነከሰውን ጉማጅ ብቻ ሳልነካው ተውኩት። እሱ የባለቤቱ ነው።

የተዝካሩ ዕለት አጎቴ አዲስ ጋቢ ለብሶ መጣና ክምሩን አይቶ ቆመ።

«ማን ፈለጠላችሁ?»

«የቤቱ ሰው» አለችው እናቴ። ከቀብሩ ወዲህ ቀና ብላ ስታወራ ያየኋት ያኔ ነው።

ካህናቱ ከተስተናገዱ፣ ሰው ከበላ ከጠጣ በኋላ፣ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሳ። «እንግዲህ ሽማግሌዎች፣ ስለዚህ ግቢ…» ሲል፣ ያንን ጉማጅ እያንከባለልኩ ከዳሱ በር አደረስኩት። ሽብልቁ አልተነቀለም። አናቱ ወደ አንድ ጎን የተጠማዘዘ ሽብልቅ የማን እንደሆነ ዳስ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሽብልቅዎ እኛ ጋ ቀርቶብዎታል» አልኩ። «ሲደርቅ እፈልጥላችኋለሁ ብለው ነበር። ደርቋል።» ፋሱን በሁለት እጄ አቀረብኩለት።

እምቢ ማለት አይችልም። ጋቢውን ጥሎ ከሽብልቁ አጠገብ መሀል ለመሀል መታው። ፋሱ ነጠረ። ደግሞ መታው፤ ደግሞ ነጠረ።  ሲደክመው «ወገቤን አሞኛል» አለ። ፋሱን ተቀብዬ ከዳር ጀመርኩ። ደርቆ ስለነበር ቶሎ አልሆነልኝም፤ ማንም ግን ከመቀመጫው አልተነሳም። ዙሪያው ተላጥቶ ልቡ ብቻ ሲቀር ሽብልቁ ላላ። ነቅዬ በአክብሮት ሰጠሁት።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ «ተቀመጥ በል» አሉት። «ስለ ግቢው የምንነጋገረው የለንም።»

ግቢው ዛሬም የእኛ ነው። እናቴ «ይቅር በይው» ትለኛለች፣ የንስሐ አባቴም እንደዚሁ፤ እሺ እላለሁ። አጎቴ ለዓመት በዓል ሲመጣ እናቴ «መቀመጫ አውጪለት» ትላለች። እኔም ያንን የወይራ ልብ፣ ሽብልቁ የበሳውን ጎን ወደ ላይ አድርጌ አወጣለታለሁ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» እለዋለሁ።

ይቀመጣል።