አባቴ፣ የስለላ መጽሐፍና የጓሳ ሣር

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ፣ ላስቲክ ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ የስለላ ልብ ወለድ አየሁና አንሥቼ አሸተትኩት። ሻጩ በጎን አየኝ። መጽሐፍ የሚያሸት ሰው እንደማይገዛ ያውቃል መሰለኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በልጅነቴ ቤታችን የሚገቡት መጻሕፍት ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሸቱት።

እኛ ቤት መጽሐፍ የሚመጣው በአውቶቡስ ነበር። አጎቴ ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ስለነበር፣ ተሳፋሪ ወንበር ላይ ረስቶት የወረደውን ሁሉ ለእኔ ያመጣልኛል። መንገደኛ ደግሞ ስለላ ይወዳል። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ እርሻ በማይነካባቸው በዓላት፣ ደጃችን ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቅን አነብለታለሁ። ጆሮው እንጂ ትዕግሥቱ ብዙ አልነበረም። ገና ታሪኩ ሳይጀመር፣ «ይህቺን ሴትዮ አላመንኳትም፤ መጠጥ እየቀዳች ዓይኗ በሩ ላይ ነው» ይለኛል። ጥቂት ገጽ እንደሄድን ሴትየዋ የጠላት ሰላይ ሆና ትገኛለች። ያኔ ጋቢውን ይሰበስብና፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ብሎ በኩራት ያየኛል፤ መጽሐፉን እሱ የጻፈው ይመስል።

ሳምሶን የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የጓሳ ሜዳን ቀይ ቀበሮ ሊያጠና ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነበር። ከቤታችን ጎን ያለችውን የሣር ክዳን ጎጆ ተከራየ። ጎህ ሲቀድ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል፤ አመሻሽ ላይ የቀበሮ ኩስ በትንንሽ ብልቃጥ ሞልቶ ይመለሳል። እናቴ፣ «ይህን ሁሉ ተምሮ ኩስ ይለቅማል?» እያለች ታዝንለት ነበር። አባቴ ግን አላዘነለትም። ሰው ለኩስ ብሎ ይህን ብርድ አይችልም፤ ከኩሱ ጀርባ ሌላ ነገር አለ ባይ ነበር።

እኔ ሳምሶንን የወደድኩት በመጽሐፉ ነው። ስለ አራዊትና ስለ አሳሾች የሚተርክ፣ ሥዕሉ የበዛ ትልቅ መጽሐፍ አዋሰኝ። በረዶ ውስጥ መርከባቸው ተይዞባቸው ጫማቸውን ቀቅለው የበሉ ሰዎች፣ ባሕር አቋርጠው የሚሄዱ ወፎች ነበሩበት። ለአባቴ ሳነብለት መጀመሪያ አፉን ከፍቶ አዛጋ። ሰላይ የሌለበት መጽሐፍ አይጥመውም። ቅጠል መስለው ቅጠል ላይ የሚቀመጡ ነፍሳት ጋ ስንደርስ ግን ቀና አለ። «ተመልሰሽ አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት። ወደ ሳምሶን ጎጆ በአገጩ እያመለከተ፣ «አየሽ፣ የራሱ መጽሐፍ መሰከረበት» አለ። በሳቅ ሞትኩ። እሱ አልሳቀም።

ክረምቱ ሲበረታ የሳምሶን ጎጆ ማፍሰስ ጀመረ። ሳምሶን ምንም አላለም፤ አልጋውን ወደ ጥግ ገፋ አድርጎ ተኛ። አባቴን ያቃጠለው ይህ ዝምታው ነው። የሚጠረጥረውም ሰው ቢሆን እንግዳው ነው፤ እንግዳ ላይ የሚያፈስ ቤት ደግሞ የባለቤቱ ውርደት ነው። ክዳኑን ለማደስ የጓሳ ሣር ያስፈልጋል፤ ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ ሜዳ ግን ተዘግቷል። እኛ አገር ጓሳ የሁሉም ነው። ሽማግሌዎች ይዘጉታል፣ ዓመታት ያርፋል፣ ሲያድግ ቀኑ ይነገርና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በፊት እጁን የሰደደ ሰው በሚቀጥለው መክፈቻ ቤተሰቡ ድርሻ የለውም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ስሙ ነው። አባቴ ለሽምግልና የሚጠራ፣ በድንበር የተጣሉ ሰዎች በቃሉ የሚታረቁ ሰው ነበር። በጓሳ የተያዘ ሰው ግን ዳግመኛ ሸንጎ ላይ አፉን አይከፍትም።

ጉም አገሩን በሸፈነበት አንድ ጠዋት አባቴ በቅሎዋን ጭኖ ተመለሰ። ከላይ ጭራሮ፣ ከሥር ጓሳ። እናቴ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ተክሌ! ቢሰሙስ?»

«ከጉሙ በቀር ያየኝ የለም» አለና ሳምሶን ሳይመለስ የሚያፈስሰውን ቦታ ጠቅጥቆ ደፈነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ጎጆዋ ከእንግዲህ አታፈስም፤ አዲሱ ሣር ግን ከአሮጌው መሐል አረንጓዴ ሆኖ ከሳምሶን አልጋ አናት በላይ ተሰክቷል። ሳምሶን ሲያስነጥስ አባቴ ቡናውን አስቀምጦ ያዳምጣል። «ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬ ጉሙ ገለጥ ብሎልኝ ማዶውን ሁሉ ሳይ ዋልኩ» ሲለው ፊቱ አመድ ይሆናል። በዓል ሲመጣ መጽሐፍ ይዤ ብወጣ፣ «ዛሬ ይቅርብን» ይለኛል። እኔም ሳምሶንን በአባቴ ዓይን ማየት ጀመርኩ፤ ሰላም ሲለኝ አንገቴን እደፋለሁ። ምን እንደምፈራ አውቅ ነበር። ሳምሶን አንዲት ቃል ቢተነፍስ አባቴ አለቀለት።

ሰንበትበት ብሎ የጓሳው ጠባቂዎች የታጨደውን ቦታ አገኙትና አውጫጭ ተጠራ። አውጫጭ ያኔም ጊዜው ያለፈበት ነገር ነበር፤ ለጓሳ ሲሆን ግን ሽማግሌዎቹ አይተዉትም። አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው በተራ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ይጠራና ያየውን በጆሯቸው ይነግራል። የሚነግረው ሰው ወፍ ይባላል፤ ወፍ ማን እንደሆነ ደግሞ እስከ መቃብር አይገለጥም። የእኛ አገር የራሱ የስለላ ድርጅት ነበረው ማለት ነው፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ከእናቴ ጎን ተቀምጫለሁ። እናቴ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳዋለች። ሰው እየተጠራ ሄዶ ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። የሳምሶን ተራ ደረሰ። ሄደ፣ ግን አልተመለሰም። ከሽማግሌዎቹ ጀርባ እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ከሩቅ ይታየናል። ወደ ሜዳው ያመለክታል፣ ወደ መሬት ያመለክታል፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በትሩን ያፍተለትላል። ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ የመንዝ ብርድ ላይ።

በመጨረሻ ሳምሶን ፈገግ እያለ ተመለሰ። አባቴን ሲያይ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳው። ምልክት እጅ በመንሣትም እንደሚተላለፍ ደግሞ አባቴ ከስለላ መጻሕፍቱ ተምሯል።

ብድግ አለና ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ ነኝ!» አለ። «ጓሳውን ያጨድኩት እኔ ነኝ። ሰው አታንገላቱ።»

ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አባ ሽፈራው፣ የአባቴ ክርስትና አባት፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር።

«ተክሌ» አሉት፣ «ስምህን እኮ ማንም አልጠራም።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ድርሻችን ተቀማ፤ አባቴም ከዚያ በኋላ ለሽምግልና አልተጠራም። አመሻሽ ላይ ሳምሶን እያለቀሰ መጣ። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት፣ ቀበሮው በግ ይበላል ወይ ብለው ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ የቀበሮ ነገር ከተነሣበት መቆሚያ የለውም፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል እንደሆነ ጉድጓዱን እያሳየ ሲያስረዳቸው ነበር። «በእግዜር፣ ጋሽ ተክሌ፣ ጣሪያው መታደሱን እንኳ አላየሁም» አለ። «ዝናቡ የቆመ ነበር የመሰለኝ።»

አባቴ ብዙ ካየው በኋላ፣ «ከማዶ የቀበሮ ጆሮ የሚቆጥር ሰው አናቱ ላይ ያለውን አላየሁም ይለኛል» አለና ፊቱን አዞረ።

ሳምሶን ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ትልቁን መጽሐፍ ለእኔ ተወልኝ። አባቴ ግን እስካሁን፣ ጎብጦ በትር ተደግፎ እንኳ፣ ወፉ ሳምሶን ነው ይላል። አንድ ፋሲካ ደፍሬ፣ «አባዬ፣ አልተናገረም እኮ» አልኩት። «እኔም አውቃለሁ፤ አልተናገረም ካልኩ ግን ማን አስነሣኝ ልበል?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንሥቼበት አላውቅም።

ያን ዘመን ሳስብ አንዳንዴ እስቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይናፍቀኛል፣ ጥርጣሬው ራሱ ይናፍቀኛል። ያን ጊዜ የምንጠረጥረውን ሰው ቡና ጠርተን ነበር የምንጠረጥረው፤ እንዳይበርደውም ስንል እንሰርቅ ነበር። ባለፈው ወር ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ደግ የሚመስሉ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አገርሽ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ አሁን አሁን ያስፈራል፤ ያልተወለድኩበትን አገር ነገርኳቸው፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ እንዳላመኑኝ አወቅሁ። አባቴ ሰውን የፈራው ጥፋት ስለነበረው ነው። እኔ ምንም አላጠፋሁም።