የሚከራይ ቤት፣ የማይሸጥ ግቢ

አባቴ ያንን ቤት የሠራው ለዕረፍት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቤት ያደከመኝ ነገር የለም።

ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲነግድ ኖሮ ሲደክመው፣ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ፈረንጅ ሁሉ ሊያያቸው ከሚመጣው ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ብዙም ሳይርቅ ሰፊ ቤት ሠራ። "ልጆቼ በዓል በመጣ ቁጥር እዚህ ይሰበሰባሉ" ይል ነበር። ታላላቆቼ፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች፣ አዲስ አበባ ናቸው። እኔ፣ የመጨረሻዋ፣ ዲላ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። በዓል ሲደርስ እነሱ በመኪና መጥተው፣ በልተው ጠጥተው፣ አቮካዶውን በጆንያ ጭነው ይመለሳሉ። እኔ ቀርቼ አንሶላ አጥባለሁ።

አባቴ ሲሞት እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበርነው። በእኛ አገር ሰው በገዛ መሬቱ ማረፉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ገበሬው አባቱን ከእንሰቱና ከቡናው መሃል ነው የሚያሳርፈው። እኔ ግን ዲላ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ በልጅነቴ የሞተችው እናቴ ካለችበት አጠገብ እንዲሆን አስቤ ነበር። ወንድሜ "አባቴ በሰው መሬት አይተኛም!" ብሎ ጮኸ። ለቅሶ ላይ ማን ይከራከራል? አቮካዶው ሥር ተቆፈረ። በዓመቱ ወንድሜ ረጅም ድንጋይ አስጠርቦ ራስጌው ላይ አቆመ።

ከዚያ በኋላ ነው "ቤቱ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ይከራይ" የተባለው። ድንጋዮቹን የሚያዩ ቱሪስቶች አሉ፤ በቡና ወቅት ወርቃና ገደብ ወደሚባሉት የቡና አካባቢዎች የሚወርዱ ገዢዎች አሉ። እኔም የዋህ ነኝና "ማን ያከራየዋል?" ብዬ ጠየቅኩ። ታላቅ እህቴ በስልክ ሳቀች።

"አንቺ አለሽ አይደል እንዴ?"

አዎ፣ አለሁ። ዓርብ ከክፍል ስወጣ የታጠበ አንሶላ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ጥበቃ። ቅዳሜ ጠዋት የዘበኛው ስልክ፦ "እህቴ፣ ፈረንጆቹ መጥቷል፣ ውሃው ግን ሄዷል።" መብራት ሲጠፋ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ፤ የጎረቤት አውራ ዶሮ በሌሊት ሲጮኽ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ። ባሌ ሐዋሳ ነው የሚሠራው። ለሳምንት መጨረሻ ሊያየኝ ይመጣና ጄሪካን ተሸክሞ ይውላል። አንድ እሑድ እጁን እየታጠበ "ለመሆኑ ያገባሁት አንቺን ነው ወይስ ቤቱን?" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም።

አንድ ጠዋት ቁርስ ይዤ ስወጣ አንዲት እንግዳ አቮካዶው ሥር ተንበርክካ የአባቴን ድንጋይ በእጇ ትዳስሳለች። ባሏ ፎቶ ያነሳል። "ይሄኛው ስንት መቶ ዓመት ይሆነዋል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አባቴ ነው" አልኳት።

ሴትዮዋ የምትገባበት ጠፋት። እኔ ሳቅ አፈነኝ፤ ትሪውን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁና ስስቅ ስስቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። አባቴ አሳዝኖኝ አይደለም። እሱስ አርፏል። ያለቀስኩት ለራሴ ነው።

ስንት ጊዜ የጠየቅኩት የሐዋሳ ዝውውር የተፈቀደው በዚያ ዓመት ነው። ደስታዬን ማን ይችለዋል! ቤቱን እንሽጠው ብዬ ለሦስቱም ደወልኩ፤ ገዢ ካገኘሽ እሺ አሉ። አንድ የዲላ ነጋዴ አምጥቼ አስጎበኘሁት። ክፍሎቹን ወደዳቸው፣ ጣሪያውን አንኳኳ፣ ዋጋ ሁሉ ጠየቀኝ። ከዚያ በጓሮ ዞሮ አቮካዶው ጋ ደረሰ። ኮፍያውን አወለቀ።

"ነፍስ ይማር" አለና ወደ መኪናው ሄደ። የሰው አባት የተኛበትን ግቢ ማን ይገዛል? እኔም ብሆን አልገዛም።

እንግዲያው አልሸጥም፣ ግን ቁልፉን አስረክቤ እሄዳለሁ አልኩ። ፋሲካ ላይ ሁሉም ሲሰበሰቡ ከእነሱ አንዱ ይረከበኛል፤ ካልሆነ ዘግተውት ይሄዳሉ። ባሌ ሐዋሳ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ መጋረጃ ምን ዓይነት ልግዛ እያለ ይደውልልኝ ጀመር።

የፋሲካ ዕለት ከምሳ በፊት ወንድሜ "ነይ፣ የማሳይሽ ነገር አለ" ብሎ ወደ አቮካዶው ወሰደኝ። ከእኔ ደብቆ ግንበኛ አስመጥቶ ኖሯል። መቃብሩ ዙሪያውን በሲሚንቶ ታጥሯል፣ የብረት በር ተሠርቶለታል፣ አምሯል። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የምናገረውንም መንገድ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ነገር ግን ዓይኔ አጥሩ ላይ ቀረ። ከአባቴ ጎን ባዶ ቦታ ነበር።

"ለምን ይሄን ያህል ሰፋ፣ ጋሼ?"

"እሱማ ያንቺ ነው" አለኝ። "እኛ መቼም አዲስ አበባ ነው የሚቀብሩን። አንቺ ግን እዚሁ ነሽ።"

ክፋት የለበትም። ትከሻዬን አቅፎ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር፤ ለታናሽ እህቱ ትልቅ ነገር እንዳደረገ ነው የቆጠረው። እጄን ኪሴ ከትቼ ቁልፉን ጨበጥኩት።

በዚህ መሃል ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። "እህቴ! እንግዶቹ መጥቷል!" አለ ዘበኛው፤ የጓሮውን ክፍል ለዚያ ቀን የተከራዩት ፈረንጆች ነበሩ። ወንድሜም፣ በረንዳ ላይ የተቀመጡት እህቶቼም ሁሉም ዞረው እኔን አዩ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ልከፍትላቸው ሄድኩ። ሐዋሳ በእኔ ቦታ ሌላ አስተማሪ ሄደች።