ደረተ ክፍቱ ዘንዶ

በመንዝ፣ ዘመሮ ውስጥ ገሳ መሥራት የሚችል ሰው ዛሬ ወሰኔ ብቻ ነው። ገሳ ከጓሳ ሣር እየተጎነጎነ የሚሠራ፣ በዝናብ ጊዜ ከትከሻ ላይ የሚደረብ ልብስ ነው። ላስቲክ ገበያውን ከሞላው ወዲህ የሚገዛው ጠፋ። ወሰኔ ግን በዓመት ሁለትም ሦስትም ይሠራል፤ አንዱን ይለብሳል፣ የቀሩት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይከርማሉ።

"ለማን ነው የምትሠራው?" ብዬ ስጠይቀው፣ "ለዝናቡ ነዋ!" ይለኛል።

አብረን ያደግን ሰዎች ነን። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አፈ ታሪክ እያስተማርኩ ከተማ ለከተማ ዞርኩ፣ ጡረታ ስወጣ ተመለስኩ። እሱ ከዚህ አልተነቃነቀም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የሚቀመጥበት ማዕድ፣ በየወሩ በሃያ ሦስት የምንሰበሰብበት የጊዮርጊስ ማኅበር ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ የሚያዝያው ጊዮርጊስ፣ የዓመቱ ትልቁ ድግስ፣ ተራው ለእሱ ደረሰ። ከጥቅምት ጀምሮ ያወራ የነበረው ስለዚሁ ነው።

በየካቲት ልጁ እስከዳር ከአዲስ አበባ መጣች። ሥዕል ተምራለች። አብራት ሊን የምትባል ቻይናዊት ሠዓሊ ነበረች፤ አርባውን ያለፈች፣ ዝም ማለት የምትወድ ሴት። ሊን ቤት እንደገባች ግድግዳው ላይ ያለውን ገሳ አውርዳ ገለበጠችውና ቋጠሮውን ከውስጥ በኩል እያንዳንዱን በጣቷ ዳበሰችው። አያቷ እንደዚህ ያለ የሣር ልብስ ለብሰው ሩዝ ይዘሩ ነበር አለች። በመንደራቸው ዝናብ ሲጠፋ ከገለባ ዘንዶ እየሠሩ ማሳ ለማሳ ይዞሩ እንደነበርም ነገረችን። ያንን ዘንዶ አሁን በመንዝ ሣር፣ በመንዝ እጅ አሠርታ አዲስ አበባ ላይ ለትርኢት ልታቀርበው ትፈልጋለች።

"አባዬ፣ የዘንዶ ገሳ ይሥሩልኝ ነው የምትለው" አለች እስከዳር።

"ዘንዶው ይበርደዋል እንዴ?"

ሊን ሲተረጎምላት ሳቀች። "አይበርደውም። እኛ አገር ዝናብ የሚያመጣው እሱ ነው።"

"እኛ አገር ደግሞ በፈረስ የሚረገጠው እሱ ነው" አላት ወሰኔ። ቢሆንም እሺ አለ። ለምን እሺ እንዳለ የገባኝ ይመስለኛል፤ ሥራውን ከውስጥ በኩል ያየለት ሰው ካገኘ ስንት ዓመቱ!

ወሬው ለማኅበሩ አባት ለመምሬ ታዲዮስ ደረሰ። ከቅዳሴ ስንወጣ ጠብቀው ያዙት።

"አንተ ወሰኔ፣ ጊዮርጊስ የገደለውን ልታስነሣ ነው አሉ?"

"መምሬ፣ ሣር እኮ ነው።"

"ጣዖቱም እንጨት ነበር። የሚያዝያ ጠላህን የሚጠጣልህ ስታገኝ እናያለን!"

ወሰኔ እጅ ነስቶ ከእኔ ጋር ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። መንገድ ስናጋምስ፣ "እውነት ባይመጡስ?" አለኝ።

"እንግዲያው ተወዋ።"

"ሣሩ ታጭዷል" አለ።

የአገሩ የጋራ ሣር ሜዳ፣ ጓሳው፣ ለአጨዳ በተከፈተ ሰሞን ድርሻውን አምጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰባት ትልልቅ ገሳዎች ጎነጎነ፤ ሲገጣጠሙ የዘንዶው ሰውነት ይሆናሉ። ሊን የዘንዶውን ሥዕል ትታለት አዲስ አበባ ወርዳ የቀርከሃውን አጥንትና ራሱን ትሠራ ነበር። ሚያዝያ ሲገባ ጭና መጣች፤ ጢሙ ከጥቁር የበግ ጠጉር የተሠራ፣ ዓይኑ የፈጠጠ ራስ። ከዚያ የወሰኔን ሥራ ዘረጋችው። ሰባቱም ከፊት ለፊት ክፍት ናቸው።

"አባዬ፣ ሆዱ ዝግ ነው መሆን ያለበት። ሥዕሉን አላዩትም?"

"አይቼዋለሁ። እሷ የረሳችው መስሎኝ አረምኩላት። ደረቱ ካልተከፈተ ሰው በየት ይገባል?"

"ሰው አይገባበትም እኮ!"

"ሰው የማይገባበት ገሳ ሠርቼ አላውቅም።"

እስከዳር ፊቷ ቀላ። ሊን ሣሩ ላይ ጎንበስ አለች። አንድ እጇን በክፍቱ አስገባች፣ ቀጥላም ትከሻዋን፣ በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ገባችና ጠፋች። ከውስጥ ሆና አንድ ነገር ተናገረች።

"እንዲህ ይሁን ትላለች" አለች እስከዳር።

ሚያዝያ ሃያ አንድ፣ በገበያው ቀን፣ ዘንዶው አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት ለአገሩ ሰው እንዲታይ ሜዳ ላይ ቆመ። ርዝመቱ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ በቀርከሃ ምሰሶዎች ከሰው ቁመት በላይ ተይዞ፣ ክፍቱ ደረቱ ወደ መሬት ዞሮ፣ ሣሩ በግራና በቀኝ እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ወደ ታች ይወርዳል። ሰው ግን ራቅ ብሎ ከቦ ያያል፤ የቀረበ የለም። መምሬ ከሁሉም ወዲያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ወሰኔ ብቻውን ከዘንዶው ሥር ቆሞ ሰዉን ያያል። የሚያየው ዘንዶውን አልነበረም፤ የማኅበርተኞቹን ፊት ነበር።

ስድስት ሰዓት አካባቢ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ጣለ። መንዝን የሚያውቅ የሚያዝያ በረዶዋን ያውቃል። ነፋሱ የመምሬን ጃንጥላ ገለበጠው።

"መምሬ፣ ይግቡ!" ብሎ ጮኸ ወሰኔ። "ይግቡ እንጂ፣ ሊመታዎት ነው!"

ጥቂት አመነቱ። ጥምጥማቸው ላይ በረዶው ሲንጣጣ አየሁ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው እየሮጡ ገቡ። እሳቸው ሲገቡ ገበያተኛው ሁሉ ተከተለ፤ ጨው የያዘው፣ ዶሮ ያንጠለጠለችው፣ እኔም። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን። ከላያችን በረዶው ሣሩን ይደበድባል፤ ወደ እኛ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዘንዶ ክፉ ነው ወይስ ደግ የሚለውን ዕድሜዬን ሙሉ በመጻሕፍት ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። እዚያ ውስጥ ቆሜ ግን የጠየቅሁት ያፈሳል ወይስ አያፈስም ብቻ ነበር።

መምሬ ወደ ላይ አንጋጠው ቋጠሮዎቹን ነካ ነካ አደረጓቸው። "አያፈስም" አሉ። ያን ብቻ ብለው፣ በረዶው ሲያባራ ወጥተው ሄዱ።

በሃያ ሦስት ከሁሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። እስከዳር ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ደፍታ ጨርሳለች። ወሰኔ አዲስ ነጠላ ለብሶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሰዓቱ አለፈ። የተደረደሩት አግዳሚዎች ባዶ ናቸው። "ብላ እንጂ አንተ" ይለኛል፤ ዓይኑ ከበሩ አይነቀልም።

ኋላ ላይ ከአጥሩ ውጭ የመምሬ ሳል ተሰማ። ከኋላቸው ማኅበርተኛው ሁሉ ተከትሏል። መምሬ ዳቦውን ባረኩ፣ ከጽዋው ቀመሱ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገሳ ሲያዩ ቆዩ።

"ያ ጃንጥላዬ ተሰበረ" አሉ።

"አይቻለሁ፣ መምሬ።"

"ለእኔም አንድ ሥራልኝ። ራስ ግን አታድርግለት።"

"ጅራትስ፣ መምሬ?"

"ጅራቱንም ተወው!" አሉና ጽዋውን አቀበሉት።