መሰላል የቆጠራቸው መብራቶች

መሰላል የሚለውን ስም ያወጡለት የስልክ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ ናቸው። ረጅም ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ስለኖረ፣ መሬት ላይ ቆሞ ሲያዩት የሆነ ነገር የጎደለው ይመስል ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጠው። የሚወጣበትን የወገብ ቀበቶ ግን ማንም ሳይሰጠው ራሱ ይዞት ወጣ። ወፍራም ቆዳ ነው፤ በግራና በቀኙ የብረት ማንጠልጠያ አለው።

የጡረታውን የመጀመሪያ ስምንት ወራት እንዴት እንዳሳለፈ የምታውቀው ሚስቱ ናት። እሷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ደህናውን የበር ማጠፊያ ነቅሎ መልሶ ሲገጥም፣ የማያፈሰውን ቧንቧ ፈታትቶ ሲያጥብ ታገኘዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን አፍርሰህ ሳትጨርሰው ሥራ ፈልግ» ትለው ነበር። እሱ አይስቅም። አንዳንድ ቀን ሙሉ ቀን ከአልጋ አይነሣም ነበር።

እናም የሰፈራችን ፋርማሲስት የከተማዋን ድልድዮች በማታ የሚያበሩ በጎ ፈቃደኞች ሲመዘግብ፣ ስሙን ሄዳ ያስመዘገበችው እሷ ናት።

ድልድዮቹ ሰባት ናቸው። የጥንቱ አምፖሎች ተሰባብረው፣ ሽቦው ተቆራርጦ ካለቀ ቆይቷል። ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰው ብረቱን እየዳበሰ ነበር የሚሻገረው፤ ሁለት ሰው ሲጋጭ «ይቅርታ፣ ሰው ነኝ» ይባባላል። ማዘጋጃ ቤቱ «ኤሌክትሪኩን እሰጣችኋለሁ፣ ሠራተኛ ግን የለኝም» አለ። ተሰበሰብን፤ አሥራ ስምንት ሆንን። ፋርማሲስቱ ሰብሳቢያችን፣ ፀጉር አስተካካዩ አሳቂያችን፣ አንድ ሹፌር ደግሞ ዕቃ አመላላሻችን ነበሩ። እኔ ከታች ዕቃ መሳቢያውን ገመድ እይዛለሁ። ከድልድዩ ጠርዝ ውጪ ተንጠልጥሎ መብራት መስቀል የሚችለው ግን መሰላል ብቻ ነበር። በሁለት ዓመት ሦስት ድልድይ አበራን። አራተኛው ረጅሙ ድልድይ ነው፣ ባለ ሠላሳ ሁለት መብራት።

የሥራችን ማብቂያ ቆጠራ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆሞ የትኛው መብራት እንደተጣመመ፣ የትኛው እንደጠፋ አይታይም። ስለዚህ አመሻሹ ላይ ወደ ማዶ ተሻግረን ወንዙ ዳር እንቆማለን። ማብሪያው ይጫናል። መሰላል «አንድ!» ይላል፣ እኛ ሁላችን «በራ!» እንላለን። «ሁለት!»፣ «በራ!»። ያልበራ ካለ እሱ «ጨለማ!» ይላል፤ ያንን መብራት ያያያዘው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ስሙ ጨለማ ይሆናል። ሰላምታው «እንዴት አደርክ ጨለማው» ነው። በመጀመሪያው ድልድይ ላይ ፋርማሲስቱ ፎቶ ለመነሣት ብሎ አንድ መብራት በራሱ እጅ አያይዞ ነበር። እሱኑ መሰላል «ጨለማ!» ብሎ ጠራው። መድኃኒት ቤቱ ድረስ እየሄዱ «ጨለማው፣ የራስ ምታት አለህ?» ያሉት ነበሩ። እሱም ይስቅ ነበር፤ የረሳው መስሎን ነበር።

የመሰላል ዓይን መቼ መድከም እንደጀመረ እሱም በትክክል አያውቅም። መጀመሪያ ነጭ ነገር ሁሉ ቢጫ መሰለው። ቀጥሎ መብራት ሲያይ ይበተንበት ጀመር፤ በመጨረሻ ጉም ሆነ። የዓይን ሐኪሙ ሞራ ግርዶሽ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፣ ነገር ግን ለሳምንታት ከፍታ ላይ መውጣትም ዕቃ ማንሣትም ክልክል ነው አለው። «ሁለተኛው ድልድይ ይለቅና» አለ። ሁለተኛው አለቀ። «ሦስተኛው ይለቅና» አለ። ሲወጣ እጁ ነበር የሚያይለት፤ ብሎኑንም ሽቦውንም በጣቱ ያውቀዋል።

ቆጠራው ነበር የሚያስቸግረው። ለዚያም ሚስቱ ነበረችለት። በየቆጠራው አጠገቡ ትቆምና ክንዱን ትይዛለች። የጠፋ መብራት ጋ ሲደርስ ጨበጥ ታደርገዋለች፣ እሱም «ጨለማ!» ይላል። እኛ ምኑን እናውቃለን።

«እናንተ ዛሬም ሙሽሮች ናችሁ እንዴ!» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። «እትዬ፣ ይልቀቁት እንጂ፣ የትም አይሄድም!»

«አንተ የራስህን ሚስት ያዝ» ትለዋለች። ሁሉም ይስቃል።

ረጅሙ ድልድይ ላይ ሃያ ዘጠነኛውን መብራት ሲሰቅል ነው ነገሩ የመጣው። ማንጠልጠያውን ብረቱ ላይ ማያያዝ ሲገባው በመብራቱ ገመድ ላይ አያያዘው። ወደ ኋላ ሲደገፍ ገመዱ ከመያዣው ተነቅሎ ወጣ። ከታች ሆኜ የጫማውን ሶል ሳየው አስታውሳለሁ። በአንድ እጁ የድልድዩን ብረት ያዘ፣ እግሩ አየር ላይ ተወዛወዘ፣ ከዚያ ራሱን ጎትቶ አወጣ።

«ብረቱ ዘይት ነክቶታል» አለን ሲወርድ። ማንም አልጠየቀውም። እኔ ግን የተነቀለውን የመብራት ገመድ አይቻለሁ። ማታ ሄጄ ለሚስቱ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻል ነበር ወይ እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የቤታችን ግድግዳ አንድ ስለሆነ ጠባቸውን ሰማሁት።

«ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።»

«ሦስት መብራት ነው የቀረኝ።»

«ሦስት መብራት አንገትህን ለመስበር ይበቃል!»

«ከዚህ በኋላ ገና ሦስት ድልድይ አለ። እነሱ ይለቁና…»

«አየህ? አየህ አንተ? ድልድዩ አያልቅም፣ ቀድመህ የምታልቀው አንተ ነህ!»

«ስሚ» አላት፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «አንድ ጊዜ ከወረድኩ ማንም መልሶ አያወጣኝም። ያንን አልጋ ታውቂዋለሽ። ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ሚስቴ አይደለሽም።»

በነጋታው፣ በኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ከሥራ አስፈቅዳ ፋርማሲስቱ ዘንድ ሄደች። ሁሉን ነገረችው፤ ዓይኑን፣ ገመዱን፣ ክንዱን መጨበጧን። «እባክዎ፣ እንዳይከፋው አድርገው በዘዴ ያስወርዱልኝ» አለችው።

«እኔ ብነግራቸው ይክዱኛል» አላት ፋርማሲስቱ። «በራሳቸው አፍ ይናገሩት።»

«ሰው ፊት?»

«እኔና ሁለት ሰው ብቻ። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን እጅዎን አያንቀሳቅሱት።»

እሺ አለች።

ፋርማሲስቱ ለመሰላል በጣም አክብሮት አሳየው። «ጋሼ፣ እርስዎ ደክመዋል። የቀሩት ሦስቱ ዳር ላይ ናቸው፤ ሹፌሩና ፀጉር አስተካካዩ ከመሬት በእንጨት መሰላል ይሰቅሏቸዋል። እርስዎ ለቆጠራው ይረፉ» አለው። መሰላል ደስ ብሎት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሸሚዙን ሚስቱ ተኩሳለት ነበር።

በቆጠራው ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፌ ድረስ መጥቶ «ዛሬ ቲያትር አለ፣ እንዳትቀር» አለኝና ነገሩን አጫወተኝ። መብራቱ ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ጋር ገና አልተያያዘም። መሰላል የጨለመ ድልድይ ይቆጥራል። እኛ «በራ» እያልን እንቀበላለን። ከመጨረሻው በፊት የሳቀ ሰው ወዮለት።

«ነውር አይደለም?» አልኩት።

«ባለቤቱ ናት የለመነችው። አንተ ከሚስቱ ልትበልጥ ነው?»

ከእኔ ቤት እስከ መሰላል በር አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አልሄድኩም። ከአሥራ ስድስት ሰው ጋር መጣላት ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አመሻሹ ላይ ማዶ ተሰበሰብን። እሷ የጠበቀችው ሁለት ሦስት ሰው ነበር፤ እኛ ግን አሥራ ስምንታችንም ነበርን፤ ሚስቶቻቸውን ያመጡም ነበሩ። ስታየን ቆመች። ፋርማሲስቱን አየችው፣ እሱ ሰዓቱን አየ። መመለስ ትችል ነበር። ግን ክንዱን ይዛ ወደ ቦታቸው ወሰደችው።

ድልድዩ ከፊታችን ጥቁር ሆኖ ተጋድሟል። ከበስተጀርባው የከባድ መኪና ማቆሚያው ትልልቅ መብራቶች በርተዋል፤ ለእሱ ዓይን ያ ብርሃን ሁሉ አንድ ላይ ፈስሶ ነበር መሰለኝ። ፋርማሲስቱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «አብራ!» አለ። ስልኩን ማንም አላነሣውም፤ ማብሪያው ጋ መሆን የነበረበት ሹፌር አጠገቤ ቆሟል።

መሰላል ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ!»

«በራ!» አልን።

«ሁለት!»

«በራ!»

እኔም ብያለሁ። ድምፄ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር እንጂ ብያለሁ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አሥራ አንድ ላይ ትንሽ ዘገየ። ወደ ሚስቱ ዘንበል አለ፣ እንደሚጠብቅ። እጇ ክንዱ ላይ ነበር፤ አልተንቀሳቀሰም። «አሥራ አንድ!» አለ። «በራ!» አልን። ከዚያ በኋላ ፈጠነ። እስከዚያ ቀን አንድም ጨለማ ያልተገኘበት ቆጠራ አልነበረንም፤ ይህ የመጀመሪያው ሊሆን ነው። ሃያ ላይ ፈገግ አለ። ሃያ ዘጠኝን፣ ያንን ሊወድቅ የነበረበትን፣ ከሁሉም ይልቅ ጮኾ ጠራው።

«ሠላሳ ሁለት!»

«በራ!»

«ጨለማ የለም!» አለና ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። «ድልድዩ ሙሉ ነው!»

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። ፀጉር አስተካካዩ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ይመታ ነበር። መሰላልም መጀመሪያ አብሮን ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ መስሎት ነው። ይህ ነው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው።

«ጋሼ» አለ ፋርማሲስቱ። «ገመዱ ገና አልተያያዘም። አንድም አልበራም።»

«ምን?»

«አንድም። ሠላሳ ሁለቱም ጨለማ ናቸው።»

ሳቁ ቀነሰ። መሰላል ወደ ድልድዩ ዞረና ዓይኑን አጥብቦ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሚስቱ አላዞረም፤ ክንዱን ብቻ ከእጇ ቀስ አድርጎ አወጣው።

«ለሕይወትዎ አስበን ነው» አለ ፋርማሲስቱ። «ከዛሬ ጀምሮ አይወጡም። ቀበቶውን ይተውልን።»

«ቀበቶው የእኔ ነው።»

«ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ። «ሱሪዎ እንዳይወልቅ ነው?»

መሰላል እንደ ልማዱ ታጥቆት የመጣውን ቀበቶ ፈታ። ሰው ያለበት መስሎት ወደ ባዶው ዘረጋው። ሹፌሩ ዞሮ ሄዶ ተቀበለው።

ቤታቸው ሲደርሱ እኔም በሬን እየከፈትኩ ነበር። «እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ ነኝ የነገርኩት። ከምትሞትብኝ ብትጠላኝ ይሻለኛል ብዬ ነው።» መልስ አልሰማሁም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልሰማሁም።

ድልድዩ በወሩ በራ። አሁን ሰው ቀና ብሎ ነው የሚሻገረው። መሰላልም ይናገር ጀመር፣ ግን ለማዘዝ ብቻ። ደህና የሚያየውንም አላይም አለ። «ባለ ዓይኗ አንቺ ነሽ» ይላታል። እስከ መጸዳጃ ቤት ትመራዋለች። ሻዩን አፉ ድረስ ታቀርብለታለች፤ ትንሽ ከሞቀ ይተፋዋል፣ ከቀዘቀዘ ይደፋዋል። ወንበር ብታንቀሳቅስ ሄዶ ይጋጭበትና ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል። ከላውንደሪው ሥራ ለቀቀች። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ግን ሄዳ አስያዘች፤ ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖች ይመለሳሉ ብሏታል።

በዚያ ቀን ጠዋት ዕቃ እንድይዝላት ለምናኝ ሄድኩ። ታክሲው በር ላይ ቆሟል። መሰላል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ካልሲ አጠለቀችለት። ጫማውን አቀረበች። የእግሩን ጣቶች ወደ ውስጥ አጠፋቸው። ጫማው አልገባም።

«እግርህን ዘርጋ» አለችው።

ዘረጋ። ጫማውን ስታስገባ እንደገና አጠፋቸው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ዛሬ ካለፈ ቀጠሮ የሚገኘው ከስንት ወር በኋላ ነው።»

«አንተ ማን ነህ?» አለኝ፣ ድምፄን እያወቀው።

ታክሲው ጥሩምባ ነፋ። እሷ ተረከዙን በአንድ እጇ፣ ጫማውን በሌላው ይዛ ገፋች። የክንዷ ጅማት ሲወጣጠር አያለሁ። ጣቶቹ በካልሲው ውስጥ እንደ ጡጫ ተጨብጠው ነበር። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ መስኮቱን እንደሚያይ ሰው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ጥሩምባው ሁለተኛ ተነፋ። ሦስተኛ ሲነፋ ጫማውን ለቀቀችው። ተነሥታ ወጣች፣ ለባለታክሲው የሆነ ነገር አለችው፣ ታክሲው ሄደ።

ስትመለስ ጫማዎቹን አንሥታ አልጋው ሥር አስገባቻቸው።

«ምሳ ምንድን ነው?» አላት።